ተልባ የጠጣች መኪና

«ያች መኪና በየዓመቱ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ አንዴ ትስላለች» ይሉ ነበር እትዬ ብርቄ።

አንዴ ብለው ቢተዉት ምን ነበረበት። እህል ለማስፈጨት በመጡ ቁጥር፣ ስልቻው ከአህያ ሳይወርድ አንድ ጊዜ፣ ገብሱ ሲፈጭ አንድ ጊዜ፣ ዱቄቱን አንስተው ሲወጡ ደግሞ አንድ ጊዜ ይናገሩታል። «ሹፌር የላት፣ ቤንዚን የላት! ሰባት ዓመት የቆመች ብረት እህህህ ብላ ትስላለች፤ ከዚያ ዝም! ሰንበሌጥ ሜዳ ያሉት የእህቴ ልጆች በጆሯቸው ሰምተዋል። ሌላ ምን ይሆናል? የፊታውራሪ ነፍስ ናት እንጂ።»

«ነፍሳቸው እንኳ ከመኪና አልወርድም አለች በሉኛ» አለች ሩቅያ፣ የወፍጮውን ጩኸት በድምጿ በልጣ።

ሩቅያ የሱፍ የንፋስ መውጫን የናፍጣ ወፍጮ የምታስነሳ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ወፍጮውን የተከለው አባቷ ነው። እሱ ሲሞት ቀበሌው ወረሰው፤ ወርሶም ሦስት ቀን አቆመው። በአራተኛው ቀን ከተማው ዱቄት ዱቄት ሲል፣ ማስነሳት የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ተደረሰበትና በደሞዝ ተቀጠረች። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማራት ሰው የለም። በልጅነቷ አባቷ ሲያንቀላፋ ፈታችው፤ ሳይነቃ ልትገጥመው አስባ ሳይሆንላት ቀረ። የእያንዳንዱን ቡሎን ቦታ ያወቀችው በዚያ ቀን አለንጋ ነው። ወንዶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። የሚስቁት ታዲያ እሷ የፈጨችላቸውን ዱቄት ተሸክመው ነው።

መኪናዋ የፊታውራሪ ተክለ ማርያም ፒካፕ ነበረች። በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መሬት ላራሹ ሲታወጅ ፊታውራሪ በቅሏቸውን ጭነው ጠፉ፤ የት እንደ ደረሱ የሚያውቅ የለም። ፒካፓቸውን ግን ከንፋስ መውጫ በታች፣ አህያ ፈጅ የሚባለውን ዳገት ተወርዶ፣ ሰንበሌጥ ሜዳ በሚገኘው ግቢያቸው እንደ ቆመች ጥለዋት ሄዱ። ግቢውንም መኪናውንም ገበሬ ማኅበሩ ያዘው። አሁን ሰባ አራት ነው። በየካቲት ወር የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ላቀው ጤፉን ሊያስፈጭ መጥቶ ወሬ ጣለ።

«መኪናዋ ያለችበትን ቤት ለመሠረተ ትምህርት ልናደርገው ነው። እስከ ግንቦት ልደታ ገዝቶ የሚያወጣት ከተገኘ ይውሰዳት፤ ካልተገኘ ቀጥቃጮች ይቆራርጧታል። ከአንድ መኪና ስንት ማረሻ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?»

«መኪና መሆኗ ቀርቶ?»

«መኪና ሆናስ ምን ሠራችልን? የፊታውራሪን መቀመጫ ከማቀማጠል በቀር።»

በእሑዱ ወረደች። ለማየት ብቻ ነው አለች ለራሷ። ራስን ማታለል ቀላል ነው፤ ራስ መቼም አፍ አይመልስም።

በሩን የከፈቱላት አያ አለበል ነበሩ፤ በፊታውራሪ ጊዜ ጢሰኛ፣ ዛሬ የማኅበሩ አባል፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ፤ የዚያ ቤት ቁልፍ በሁለቱም መንግሥት ከአንገታቸው ያልወረደ። ሩቅያ የጠበቀችው የዝገት ክምር ነበር። ዶሮ የተኛበት ወንበር፣ የተሰበረ መስታወት። ብርሃኑ በበሩ ሲገባ ያየችው ግን ሌላ ነው። ፒካፗ እንደ ድስት በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አረንጓዴ ቀለሟ እንደ እርጥብ ቅጠል ያበራል። በበሯ ላይ የራሷን የሩቅያን ፊት አየች፤ ሻሿ ሳይቀር። አቧራ የለ፣ የሸረሪት ድር የለ። ለሬሳ መጥታ የተኛ ሰው ያየች መሰላትና፣ ሳታስበው ጫማዋን አውልቃ ገባች።

አያ አለበል እግሯን አዩ። «መስጊድ መሰለሽ እንዴ?»

«እርስዎስ ቤተ ክርስቲያን አስመስለው የጠበቋት አይደል?»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ኮፈኑንም አነሱላት። ሩቅያ እዚያ ላይ አፏ ተያዘ። ይህ ለእሷ ብርቅ ነገር ነው። የወፍጮው ሞተር አንድ ሲሊንደር ነው ያለው፤ ዱም ዱም ዱም፣ በቃ። እዚህ ስድስት ተሰልፈዋል። ስድስቱን ተራ በተራ የሚያቀጣጥል፣ ስድስቱን እኩል የሚያጠጣ፣ ስድስቱን የሚያቀዘቅዝ፤ ሽቦው፣ ቱቦው፣ ጥፍር የምታክለዋ ቡሎን ሳትቀር፣ እያንዳንዱ ለአንዱ እጅ እየሰጠ። በጣቷ ተከተለችው። ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ተናደደችም፣ ማልቀስ አትወድምና። ይህን ያሰበ ሰው ምን በልቶ አደረ? እናቱስ ምን ዓይነት ልጅ እንደ ወለዱ ያውቁ ኖሯል?

«ጎማዎቿስ?» አለች ድምጿ ሲመለስ።

አያ አለበል ወደ ጎጆአቸው ወሰዷት። አራቱም ጎማ እንደ ዘር በቆሎ ከጣራው ሥር፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅለዋል፤ ነቀዝም ብስባሽም እንዳይደርስባቸው ሰባት ዓመት ጢስ ሲጠጡ። ጠፍርና መጫኛ የሚሰቀልበት ቦታ ነው። ሩቅያ አንዱን በጡጫዋ መታችው። እንደ ከበሮ ጮኸ።

ስትወጣ ዳገቱን ቀና ብላ አየችው። አህያ ፈጅ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ ከታች ሲያዩት በሰማይ ላይ የተዘረጋ ገመድ ይመስላል።

«ይህን ትወጣው ነበር?»

«በየቅዳሜው!» አሉ አያ አለበል። «ገበያ ቀርታ አታውቅም።»

ይህ ቃል ወሰነላት። የወጣ ይወጣል። ሰኞ የእናቷን አምባርና አልቦ ሸጠች፤ ማክሰኞ መኪናዋን ገዛች፤ ረቡዕ ዳገቱን ጎትቶ የሚያወጣላት በሬ እንዲያከራያት ሊቀመንበሩን ጠየቀች።

ጓድ ላቀው ከመቀመጫው ተነሣ። «ሰውና በሬ ለግለሰብ ንብረት መጎተት የቀረው በስድሳ ሰባት ነው! በሞተሯ ትውጣ፤ አለዚያ ማረሻ ትሁን። ቀኑ ግንቦት ልደታ ነው፤ አንድ ቀን አይጨመርም።»

ከሊቀመንበሩ የባሰው አጎቷ ጁሃር ነበር፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደግ ሰው፣ ግን አፉ ቀዳዳ። «የእናትሽን አምባር ለቆመ ብረት! አላህ ይቅር ይበልሽ። በይ አሁን እንኳ ለሚያውቅ ሰው ስጪው» አለና ዋለ የሚባል መካኒክ ከደብረ ታቦር አስመጣላት።

ዋለ ከመኪናዋ ይልቅ ለጥርሱ የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ መፋቂያው ከአፉ አይወጣም። ከፊት ለፊቷ ማስነሻውን ብረት አስገብቶ ለማዞር ሞከረ። ንቅንቅ አላለችም። በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ንቅንቅ የለም። ወደ ጎን ተፋ።

«ነክሷል። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ዝገው አንድ ሆነዋል። ይህ ሞተር ተስካር ነው የቀረው።»

«ሳትፈታው እንዴት አወቅህ?» አለች ሩቅያ።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ እህቴ። ሬሳ ሳልገልጥ በሽታው ይገባኛል። ስሚኝ፤ ካምቢዮዋንና ጎማዎቿን እኔ ልውሰድ፣ ያወጣሽውን ግማሹን ልመልስልሽ፤ የቀረውን ለቀጥቃጭ ስጪ። ሞተሩን አድናለሁ ካልሽ ግን ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ስድስት ወር ነው።»

«ስድስት ወር የለኝም።»

«እንግዲያው ምርጫ የለሽም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ አንዴ በእጅሽ ከነካካሽው እኔ የለሁበትም። የሴት እጅ የፈታውን አልገዛም።»

ጁሃር ክንዷን ያዘ። «ሩቂ፣ ወፍጮ እንጂ መኪና ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። እውነቱ ይኸው ነበር፤ ኩራት እውነትን አይሰርዘውም። ብትነካና ብታበላሽ አምባሩም የለ፣ መኪናዋም የለ፤ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በንፋስ መውጫ ገበያ የምታልፈው በሳቅ መካከል ነው። ባትነካ ግን እነዚያ ስድስቱ በመዶሻ ተቀጥቅጠው አፈር ሊገፉ ነው። ሁለቱን መዘነች። ከዚያ ቁልፉን ከዋለ ሣጥን ላይ ሳትጠይቅ አነሣችና የመጀመሪያውን ካንዴላ፣ እሳት የሚጭረውን፣ ፈታች።

ቀይ ዝገት ጠብቃ ነበር። የወጣው ግን የማር ቀለም ያለው ሙጫ ነው፤ በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ቀንድ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። አሸተተችው። ሽታውን ታውቀዋለች። አባቷ የወፍጮውን የእንጨት ቋት በየዓመቱ ይቀባው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሲደርቅ ዝናብ የማያልፈው ቆዳ የሚሆነው።

ዘወር አለች። አያ አለበል መሬት መሬት እያዩ ነው።

«አያ አለበል፣ ምን አጠጧት?»

«ቤተ ልሔምን! ክፉ አስቤ አይደለም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «የመጀመሪያውን ዓመት ቅቤ ቀባኋት። አይጥ መጣባትና የሽቦዋን ልብስ በላው። ቅቤው ይቅር አልኩ። ሞፈሬን የምቀባው በተልባ ዘይት፣ ቀንበሬን የምቀባው በተልባ ዘይት፤ ሠላሳ ዓመት የሆነው ቀንበር አለኝ፣ ነቀዝ ያልደፈረው። ብረት ከእንጨት አይብስም ብዬ፣ በየዓመቱ ዘመን ሲለወጥ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ በየቀዳዳዋ አንድ አንድ ማንኪያ አጠጣትና በዚያ ብረት አንዴ አዞራታለሁ። እህህ ትላለች። ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እምቢ አለች።»

ሩቅያ ሳቀች፤ ጎኗን ይዛ ሳቀች። «ይኸውላችሁ የእትዬ ብርቄ ነፍስ!» ከዚያ ሳቋ በድንገት ቆመ። ሰባት ዓመት። ጌታዋ የጠፋ፣ መንግሥት የረሳት፣ ለማንም የማትሆን መኪና።

«ማን አዘዘዎት?»

«ማን ያዘኛል? ከብት እንኳ ሲታሰር ሣር ይጣልለታል። ቆማ ሳያት ሆዴ አልችል አለ።»

ሩቅያ ካንዴላውን ለዋለ አሳየችው። «ዝገት አይደለም። ተልባ ነው። ዝገት ብረት ይበላል፤ ይህ ግን አሽጎ አቆየው። የደረቀ ተልባ ደግሞ በሙቀትና በነጭ ጋዝ ይለቃል። እኔ ነኝ የምሠራት።»

«ተልባ!» አለ ዋለ ሣጥኑን እየዘጋ። «እንግዲያው በቤንዚን ምን አደከመሽ፣ ሽሮ ጨምሪባትና ለጾም ትሁንሽ።»

«አንተ ጥርስህን ፍቀህ ስትጨርስ ዳገቱን በእግርህ ውጣው። እሷ በሞተሯ ትከተልሃለች።»

ወፍጮው በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚሠራው። የቀሩትን አራት ቀኖች ሩቅያ አህያ ፈጅን ወርዳ ትውል ጀመር። በየካንዴላው ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ትሞላለች። አያ አለበል በትልቅ እንስራ ውኃ ያፈላሉ፤ የፈላውን በራዲያተሩ አፍ ይጨምሩታል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይጠብቃሉ፤ ሲበርድ ከታች ያፈሱታል፤ እንደገና ያፈላሉ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ሽማግሌው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እንጨት ይሸከማሉ። «እረፉ» ስትላቸው «እኔ ነኝ ያጣበቅኋት» ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአንድ ስልቻ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ሁለቱም።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ሐሙስ ማስነሻውን ብረት ገፋችው፤ የጣት ስፋት ሄደ። አያ አለበል ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደገና ገፋችው፤ እና ከውስጥ፣ ከጥልቅ፣ እህህህ የሚል ድምፅ ወጣ።

አይጥ የበላው የሽቦው ልብስ ቀረ። እሱን ያለበሱት አያ አለበል ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ የተፈተለ ጥጥ በየሽቦው ላይ ጠምጥመው በቀለጠ ሰም አሹት፤ እንደገና ጠመጠሙ፣ እንደገና አሹ፤ ስድስት ወፍራም ጧፍ ሆነ። ሩቅያ ሙቀቱ እንዳያቀልጠው ከብረቱ አራርቃ በጠፍር ሰቀለችው። ሞተሩ ከመኪና ዕቃ ይልቅ የቅዳሴ ዕቃ መሰለ። ባትሪና ቤንዚን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጎንደር አመጣላት።

በፋሲካ ማግስት አስነሣቻት። መጀመሪያ ጢስ ነው የወጣው፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፤ ከዚያ ሰንበሌጥን ሁሉ የተቆላ ተልባ ሽታ ሞላው። ሴቶች ከየቤታቸው «በፋሲካ ተልባ የምትቆላው ማን ናት ጉደኛ!» እያሉ ወጡ። ወጥተው ያዩት ግን ስድስቱ ልብ እኩል ሲመታ ነው። ሩቅያ እጇን በኮፈኑ ላይ አሳርፋ ቆማ ነበር፤ መንቀጥቀጡ በክንዷ ወጥቶ ጥርሷ ውስጥ ገባ። ጌታዬ፣ አለች በልቧ፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

መንዳት በሜዳው ላይ ለራሷ አስተማረች። ሁለት የአጋም ቁጥቋጦና አንድ አጥር ተጎዱ፤ ሰው አልተጎዳም።

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው። ቀጥቃጩ ወናፉን አምጥቶ ከቤቱ ደጃፍ ተክሏል፤ እሱም እንደ ሌላው ሰው ዳገቱን ለማየት ተነሥቶ ቆሟል። ጓድ ላቀው ከፊት ለፊቷ ቆመ።

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«ዳገቱ ከጠየቀኝ አሳየዋለሁ። አንተ ከመንገድ ውጣ።»

አያ አለበል ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይዘው ከኋላ ወጡ። ፍሬኗ ደካማ ነው፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ካለች ዘለው ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር የሚጥሉት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ በቀላሉ ወጣችው። በሁለተኛው ላይ መሬቱ ከመስታወቱ ጠፋ፤ የሚታየው ሰማይ ብቻ ሆነ። ሩቅያ በግራዋ ገደል እንዳለ ታውቃለች፤ አላየችውም። የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ስድስቱ ይታገላሉ፤ አንዱ ሲደክም አምስቱ ያነሡታል። ይህን ያህል ክብደት፣ ይህን ያህል ድንጋይ፣ ሁለት ሰውና ሰባት ዓመት፣ ሁሉን የሚገፋው ከአንድ ማንኪያ የማይበልጥ ቤንዚን በጨለማ ሲፈነዳ ነው። ፈራች፤ ፍርሃቷ ግን የመውደቅ አልነበረም። ለዚህ የምበቃ ሰው እሆን ይሆን ብላ ነው።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጎማዋ ተንሸራተተ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈና ቀጥ አለ። ፒካፗ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሄደች። «ያዝኳት!» አሉ አያ አለበል ከኋላ፤ ድንጋዩ ከጎማው ሥር ጮኸ። ከታች ጓድ ላቀው፣ ከላይ ገበያተኛው፣ መካከል ላይ እሷ።

ወረደች። ኮፈኑን ከፈተች። ሰሙ ለስልሶ አንዱ ሽቦ ብረት ነክቷል። በጣቷ አነሣችው፤ ተቃጠለች፤ ሻሿን አውልቃ ከሥሩ ደለደለችው። ፀጉሯ በንፋሱ ተበተነ፤ አንድ ሽማግሌ «ወይ ጉድ!» አሉ፤ አልሰማቻቸውም። ተመልሳ ገባች፤ አስነሣች፤ አጓራች ፒካፗ፤ ድንጋዩን ጥላው ተነሣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩቅያ በደንብ አታስታውስም። ሰማዩ እያዘቀዘቀ መጥቶ ድንገት መሬት ሆነ፤ የንፋስ መውጫ ንፋስ በመስኮቱ ገብቶ ፊቷን መታት፤ እልልታ ተሰማ፤ ከእልልታው ሁሉ በላይ የእትዬ ብርቄ ድምፅ፣ «ነግሬያችሁ አልነበር! ነፍስ አላት! ነፍስ አላት!» ይላል።

አፋፉ ላይ አቆመቻት። ራዲያተሯ እንደ ድስት ይፈላል። ሩቅያ መሪውን እንደ ጨበጠች ተቀመጠች። አያ አለበል ከኋላ ወርደው መጡና መዳፋቸውን በበሩ ላይ አሳረፉ፤ የተቆጣ በሬ እንደሚያባብል ሰው፣ ቀስ አድርገው።

«አያ አለበል» አለች ሩቅያ። «በፊታውራሪ ጊዜ ይህን ዳገት በስንት ሰዓት ትወጣው ነበር?»

«ጠዋት ከተነሣን ለምሳ እንደርሳለን።»

«ለምሳ? እኛ እኮ ግማሽ ሰዓት አልሞላንም።»

«በሬ ምን ያድርግ ልጄ፣ ደካማ ነው» አሉ አያ አለበል፣ ከበሩ ላይ እጃቸውን ሳያነሡ። «ዐሥራ ሁለት ጥማድ ነበር የሚስባት፤ የኔም ሁለቱ አሉበት። ፊታውራሪ ከውስጥ ተቀምጠው ጡሩንባ ያስነፋሉ። ሞተሯ የሚነሣው እዚህ አፋፉ ላይ ነው፣ ከተማ ሊገቡ ሲሉ። በሞተሯማ ይችን ዳገት ወጥታ አታውቅም።»